ውሮ ጆንያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት

የአንባብያን ጥያቄ። መልሱን የሚሰጡት በባሕር ዳር ለ31 ዓመታት በላቦራቶሪ ባለሙያነት ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከዚሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከአምና ክረምት ጀምሮ ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ታስነጥሳለች፤ ዓይኗን እስኪቀላ ታሻለች፤ አፍንጫዋ ውሃ ያወርዳል። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን፤ ቀጥሎ ሳይነስ ነው አልን። በመጨረሻ ሐኪም የአለርጂ የደም ምርመራ አዘዘላት። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ወረቀቱ መጣ። እንዲህ ይላል፦ ጠቅላላ አይ ጂ ኢ 1,240፤ ድመት 0.92፣ ደረጃ 2፤ ውሻ 0.48፣ ደረጃ 1፤ የቤት አቧራ ተባይ 6.10፣ ደረጃ 3፤ በረሮ 1.30፣ ደረጃ 2። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት ስለ ነበር «ድመት ካላችሁ አስወጡ» ብሎ ሸኘን።

ውሮ የሚባል ድመት አለን። ጤፍ የምናስቀምጥበትን ክፍል ከአይጥ የሚጠብቅልን እሱ ነው። አማቴ «በጆንያ ከትታችሁ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ጣሉት» ብለዋል፤ ባለቤቴም ጆንያውን አዘጋጅቷል። ልጅቷ ስታለቅስ ሦስት ቀኗ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ዘንድሮ ክረምት ሁለት ሳምንት ዘጌ አያቷ ዘንድ ከርማ ነበር። እዚያ ሁለት ድመቶች አሉ። እነሱን አቅፋ በአጎዛ ላይ ስትተኛ፣ ቀን ደግሞ ሐይቁ ዳር ከልጆች ጋር ስትንቦጫረቅ ሰንብታ አንድ ቀን አላስነጠሳትም። ቤት በተመለሰች በማግሥቱ፣ የታላቅ ወንድሟ በነበረው አልጋ ላይ አድራ ስትነሣ ጀመራት። ውሻ ደግሞ ኖሮን አያውቅም። 1,240 ማለት በጣም ታማለች ማለት ነው? ውሮንስ ምን እናድርገው?

ልጅዎ፣ የልጅቷ እናት

መልስ፦ «ልጅዎ» ካልሽኝ አንቺ እልሻለሁ። አስቀድመሽ ለባለቤትሽ ንገሪልኝ፤ ጆንያውን ለጤፉ ይመልሰው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በሁለተኛው ላይ እርሳስ አንሥቼ ሦስት ቦታ አሰመርሁ፦ «ሐይቁ ዳር ስትንቦጫረቅ»፣ «በአጎዛ ላይ»፣ «የታላቅ ወንድሟ በነበረው አልጋ»። እውነቱን ለመናገር፣ ከላቦራቶሪው ወረቀት ይልቅ ብዙ የነገረኝ የአንቺ ደብዳቤ ነው። ወረቀቱንም ቢሆን በተራው እናነበዋለን።

ካስደነገጠሽ ቁጥር ልጀምር። አይ ጂ ኢ ደም ውስጥ የሚገኝ የመከላከያ ፕሮቲን ነው። አለርጂ ሲነሣ ስሙ ይጠራል እንጂ ሰውነታችን በብዛት የሚያመርተው ከትል ጋር ሲታገል ነው። ወስፋት፣ መንጠቆ ትል፣ ቢልሃርዝያ፣ ሁሉም ጠቅላላ አይ ጂ ኢን ሽቅብ ይሰድዱታል። ላቦራቶሪዎች ለአዋቂ ሰው እስከ 100 ወይም 150 ያለውን እንደ ደኅና ይቆጥሩታል፤ የልጅ በዕድሜው ይለያያል። ይህ ልክ ግን በአብዛኛው የተቀመጠው ትል ብርቅ በሆነበት አገር ነው። ሐይቅ ዳር የምታድግ ልጅ 1,240 ቢወጣላት እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ድመት አይደለም፤ ሰገራዋ ታይቷል ወይ ብዬ ነው።

ጣና ያምራል፤ የሚያምረውን ያህል ግን የራሱ ጣጣ አለው። በደንገሉና በቄጠማው ሥር፣ ውሃው ረጋ በሚልበት ዳርቻ፣ የቢልሃርዝያን እጭ የሚያሳድጉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሉ። እጩ ከእነሱ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኝና ያገኘውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉ አድጎ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርሁም፤ ሞላላ ነው፣ ጎኑ ላይ እንደ ጽጌረዳ እሾህ ያለ አንድ ሹል ነገር አለው። አንድ ጊዜ ያየ ሰው ከሌላ ጋር አያምታታውም።

በዚህ ነገር ላይ አፌን ሞልቼ የምናገረው ስለ ተሳሳትሁበት ነው። በ1987 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ደም ስቆጥር ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት 22 በመቶ ሆነው አገኘሁ። ገና ወጣት ነበርሁ፤ አውቃለሁ ባይነቱም ነበረኝ። እናቲቱ በመስኮቱ በኩል «ምን ተገኘበት?» ስትለኝ፣ ማንም ሳያዝዘኝ «አለርጂ ነው፤ ከከብት አርቂው» አልኋት። ልጁ የሚያሳድጋት ግልገል ነበረችው፤ ሸጠችበት። ከሦስት ወር በኋላ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቶ ተመለሰ። ሰገራው ውስጥ የመንጠቆ ትል እንቁላል ሞልቷል። ኢዮሲኖፊሉን ያበዛው ትሉ ነበር። ልጁ መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። ግልገሏ ግን ለፋሲካ ታርዳለች።

ስለዚህ ልጅሽን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂና ሰገራዋን አስመርምሪ። የቢልሃርዝያ እንቁላል በየቀኑ እኩል ስለማይወጣ አንድ ናሙና ሊያመልጠው ይችላል፤ በተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ ቢታይ ይሻላል። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት በክብደቷ ተሰልቶ ይሰጣታል። ከዚያ በኋላ «አይ ጂ ኢው ወረደ ወይ?» ብለሽ ያን ውድ ምርመራ በወሩ እንዳትደግሚ። ቁጥሩ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው፤ ብርሽን በከንቱ አታውጪ።

አሁን ወደ ድመቱና ወደ ሌሎቹ መስመሮች እንምጣ። እነዚህ ልዩ አይ ጂ ኢ ይባላሉ። አሠራሩን ሐይቅ ዳር ላለ ሰው በመረብ ማስረዳት ይቀላል። ከድመት የተወሰደ ፕሮቲን እንደ ስፖንጅ ባለች ትንሽ ነገር ላይ ይጣበቃል፤ ማጥመጃው ይኼ ነው። የልጅሽ የደም ውሃ፣ ማለትም ከደሟ ተለይቶ የሚወጣው ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ይፈስስበታል። ድመትን የሚያውቅ አይ ጂ ኢ ካለ እዚያው ተይዞ ይቀራል፤ የቀረው ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ የተያዘውን የሚያበራ ሌላ ነገር ይጨመርና ብርሃኑ ይለካል። ቆሮሶ ስንት፣ አምባዛ ስንት ብሎ እንደ መቁጠር ነው። ለውሻው፣ ለአቧራው፣ ለበረሮው ለየብቻ እንዲሁ ይደረጋል።

ዓሣን ካነሣሁ አይቀር አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚለማመዱ ተማሪዎች ሁሉ የምነግረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ኪውስትነር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም የተቀቀለ ዓሣ ሲበላ ሰውነቱ ያብጥ ነበር። ባልደረባው ፕራውስኒትዝ የኪውስትነርን ደም ውሃ ወስዶ በገዛ ሆዱ ቆዳ ውስጥ ወጋ። በማግሥቱ እዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ጭማቂ ቢወጋበት ቆዳው አብጦ ተነሣ። ዓሣ የማያስቀይመው ሰው ቆዳ፣ በሌላ ሰው ደም ምክንያት ዓሣን ተቆጣ ማለት ነው። በዚያ ደም ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሌላ 45 ዓመት ፈጀ። ኢሺዛካ የሚባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት በአሜሪካ፣ ዮሃንሰንና ቤንሂች ደግሞ በስዊድን፣ በ1966 እና በ1967 ደረሱበት፤ አይ ጂ ኢ የሚለው ስም በ1968 ጸደቀ። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የአለርጂ የደም ምርመራ የወጣው በ1974 ነው። ብዙ ሰው ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ የነበረ ይመስለዋል።

ደረጃዎቹን በተመለከተ፣ ከ0.35 በታች ያለው ደረጃ 0 ይባላል። ከ0.35 እስከ 0.7 ደረጃ 1፣ ከዚያ እስከ 3.5 ደረጃ 2፣ እስከ 17.5 ደረጃ 3 ነው። እንዲህ እያለ ከ100 በላይ ያለው ደረጃ 6 ይሆናል። ሰው «ደረጃ 3» ሲባል የካንሰር ደረጃ የተነገረው ያህል ይደነግጣል። አይደለም። ቁጥሩ የሚለው ልጅሽ ደም ውስጥ ያን ነገር የሚያውቅ አይ ጂ ኢ ምን ያህል እንዳለ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ያ ነገር በእርግጥ የሚያስቸግራት የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚጸናባት ግን አይናገርም። ደረጃ 2 ሆኖ ድመት ያለበት ቤት ሲገባ የሚታፈን ሰው አለ፤ ደረጃ 4 ሆኖ ድመት አቅፎ የሚያድር አለ። ይህን የሚለየው ልጅሽ ላይ የሚታየው ነው።

የውሮ 0.92 ዝቅተኛ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ምክንያቴ ይኼውልሽ። የድመት አለርጂ ዋና ምንጭ ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን ነው። ከምራቁና ከቆዳው እጢዎች ይወጣል፤ ድመት ራሱን ሲልስ ፀጉሩ ላይ ይቀባዋል፤ ደርቆ እንደ ብናኝ ይነሣል። ለምርመራው የሚቀርበው የድመት ጭማቂ ውስጥ ግን ከእሱ ሌላ ብዙ ነገር አለ፤ ከነዚህም አንዱ በድመት ፕሮቲኖች ላይ የተለጠፈ አልፋ ጋል የሚባል የስኳር ዓይነት ነው። በአፍሪካ በትል የተያዙ ሰዎች ደም ሲመረመር ብዙዎቹ ለድመትና ለውሻ «አለ» የሚል ውጤት ወጥቶላቸው፣ ጠለቅ ተብሎ ሲታይ አይ ጂ ኢያቸው የያዘው ያን ስኳር እንጂ ፌል ዲ 1ን አልነበረም። መረቡ ውስጥ የገባው ሌላ ዓሣ ነው። የበረሮው 1.30 ላይም ተመሳሳይ ጥርጣሬ አለኝ፤ በወስፋት፣ በበረሮና በአቧራ ተባይ ሰውነት ውስጥ የሚመሳሰል የጡንቻ ፕሮቲን አለና አንዱን የለመደ አይ ጂ ኢ ሌላውንም ይይዛል። ውሻ የሌለው ቤት ውስጥ ውሻ 0.48 መውጣቱም ከዚሁ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወይም የጎረቤት ውሻ በሰው ልብስ ላይ ተሳፍሮ ገብቶ ይሆናል፤ የእንስሳት ብናኝ እግር አያስፈልገውም። ውሻ አጠገቧ ሲያልፍ ምንም ካልሆነች እርሺው።

ልጅሽ ለድመት በእርግጥ አለርጂ እንዳለባት መለየት ካስፈለገ ለፌል ዲ 1 ብቻ የሚደረግ ምርመራ አለ። ሐኪሟን ጠይቂው፤ ግን አሁን አትቸኩዪ፤ አጎዛው አለና።

ዘጌ ፍራሽ ላይ ሳይሆን አጎዛ ላይ፣ ሁለት ድመቶች አቅፋ ተኝታ አላስነጠሳትም። ሽምብጥ አንድ ድመት፣ አንድ አሮጌ ፍራሽ፣ አሥራ አምስት ማስነጠስ። እኔ ዳኛ ብሆን ውሮን በዋስ እለቀው ነበር። የአያቷ ቤት ንፋስ እንደ ልቡ የሚገባበት ሊሆን ይችላል፤ ድመቶቹም ውጭ ይውሉ ይሆናል፤ ስለዚህ ፍጹም ነጻ ነው አልልሽም። ግን ወረቀቱ ላይም ከፍ ያለው ቁጥር የማን እንደሆነ ተመልከቺ፤ የአቧራ ተባይ፣ 6.10። ይህቺ ተባይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ የማትበልጥ፣ የመዥገር የሩቅ ዘመድ ናት። ሰው አትነክስም፤ ከቆዳችን የሚረግፈውን ቅርፊት እየበላች በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ ትኖራለች። አለርጂ የሚያስነሣው ኩሷ ነው። እርጥበት ትወዳለች፤ የእኛ ከተማ ክረምት ደግሞ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ ይቀልጣል። ወንድሟ ስንት ዓመት ተኝቶበት የተወላት የስፖንጅ ፍራሽ ለእሷ ግብዣ ነው። ልጅቷ የምታስነጥሰው ጠዋት፣ ከዚያ ፍራሽ ላይ ስትነሣ ነው።

የመጀመሪያውን ገንዘብሽን ፍራሹ ላይ አውጪ። አዲስ መግዛት ከቻልሽ ግዢ፤ ካልቻልሽ ዙሪያውን የሚዘጋ ዚፕ ያለው ልባስ አሰፊለት። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በሚሆን፣ እጅ በማያስነካ ሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ለብ ያለ ውሃ ያጥባታል እንጂ አይገድላትም። ብርድ ልብሱን ፀሐይ በወጣ ቁጥር አውጪው። ስትጠርጊ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዪ፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ከወለል ወደ አፍንጫ ማዛወር ነው። ቡና ስታፈዪም ዕጣኑንና የከሰሉን ጭስ ከእሷ መኝታ አርቂ። ጭስ አለርጂ አይደለም፤ የተቆጣ አፍንጫን ግን ያብሰዋል፣ በየትኛውም የደም ምርመራ ላይም አይወጣም።

ውሮ በዚህ ጊዜ ከመኝታ ክፍሉ ብቻ ይውጣ። ጤፉ ዘንድ ይደር፤ ሥራውም እዚያ ነው። በአንድ ደብተር ላይ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንዳስነጠሳት፣ የት እንደነበረች፣ ድመቱን እንዳቀፈች ወይም እንዳላቀፈች ጻፊ። እስከ አንድ ወር። አቅፋው ፊቷን ፀጉሩ ውስጥ ቀብራ ስትነሣ ዓይኗ የሚቀላ፣ ክንዷ ላይ ሽፍታ የሚወጣ ከሆነ ያን ጊዜ ሐሳቤን እለውጣለሁ። አማትሽ «ለአንድ ሳምንት ጎረቤት እንስደደውና እንየው» ቢሉሽ ግን ይህ ፈተና አይደለም። ድመት ከቤት ከወጣ በኋላ ብናኙ ወንበሩና መጋረጃው ላይ ከ4 እስከ 6 ወር ይቆያል። በሳምንት ውስጥ ብትድን ያዳናት ሌላ ነገር ነው፤ ባትድንም ውሮ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን በደብተር አይጠበቅም። ሌሊት የሚያስላት፣ ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር የሚል፣ ስትሮጥ የሚያጥራት ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አስም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቤት ውስጥ የሚሞከርበት ነገር አይደለም። እኔ ደግሞ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ ልጅሽን አላየኋትም።

ውሮን በተመለከተ አንድ የመጨረሻ ነገር ልበል፤ ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ከተኮላሸው የበለጠ ፌል ዲ 1 ያመርታል። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ብትወስዱት ለእናንተም ይበጃል፤ ሌሊት ጣሪያ ላይ ከመጮህም ይገላግላችኋል።

ጥያቄ፦ ፔዳ ግቢ የምማር ተማሪ ነኝ። ዶርማችን አጠገብ የሚኖሩ ድመቶች አሉ፤ ሲጠጉኝ አፍንጫዬ ይዘጋል። በየቀኑ ሴቲሪዚን የሚባል የአለርጂ እንክብል እውጣለሁ። የደም ምርመራ ሊደረግልኝ ነው። እንክብሉን ላቁም?

መልስ፦ ለደም ምርመራ አታቁም። እንክብሉ አይ ጂ ኢን አይቀንስም፤ የሚያግደው አይ ጂ ኢ ያስነሣውን ሂስታሚን የሚባለውን ነገር ሥራ ነው። ማቆም የሚያስፈልገው ክንድ ላይ ጠብታ ተደርጎ በመርፌ ጫፍ ጫር ለሚደረገው የቆዳ ምርመራ ነው። እሱ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚነሣውን እብጠት መለካት ስለሆነ፣ እንክብሉ እብጠቱን ይደብቀዋል። ለዚያ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ቀኑን የሚነግርህ ምርመራውን የሚያደርግልህ ሐኪም ነው። ደሙን ለመስጠትም ጾመህ መምጣት አያስፈልግህም፤ ቁርስህን ብላ። መርፌ አይቶ በባዶ ሆዱ የወደቀብኝ ተማሪ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ፤ ከፋሲሎ። ልጆቼ ውሻ ይምጣልን እያሉ ነው፤ እኔ ግን ውሻ ያስነጥሰኛል። ፀጉሩ የማይረግፍ፣ አለርጂ የሌለው ዘር አለ ብለው በውድ ዋጋ ሊሸጡልኝ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። አለርጂ የሌለው የውሻ ዘር የለም። ፕሮቲኑ ምራቁ፣ ቆዳውና ሽንቱ ውስጥ ነው፤ ፀጉር ተሸካሚው ብቻ ነው። ይልቅስ ልዩ ምርመራ የሚደረግበት ቦታ ካገኙ ካን ኤፍ 5 የሚባለውን ያስለኩ። ይህ ፕሮቲን የሚመነጨው ከወንድ ውሻ ፕሮስቴት እጢ ነው። አይ ጂ ኢዎ የሚያውቀው እሱን ብቻ ከሆነ ሴት ውሻ ላያስቸግርዎ ትችላለች። ሌሎቹንም የውሻ ፕሮቲኖች የሚያውቅ ከሆነ ግን ወንድም ሴትም ለውጥ የለውም። ምርመራውን ካላገኙ የሚገዙት ቡችላ ዘንድ ሄደው አንድ ሰዓት አብረውት ይቀመጡ፣ ያቅፉት፤ በሌላ ቀንም ይድገሙት። ነጋዴ ዕቃ ሳያይ አይገዛም።